ኬሞው ካለቀ ከዓመታት በኋላ፦ ከካንሰር የዳኑ ሰዎች የረጅም ጊዜ ክትትል መመሪያ እንዴት ይሠራል?

የመጨረሻው ኬሞ የተሰጠበት ዕለት በብዙ ቤት እንደ በዓል ይቆጠራል። ስለት ያለበት ስለቱን ያስገባል፤ ጎረቤት ተጠርቶ ጠበል ጠዲቅ ይቀመሳል፤ ለወራት በእጅ ሲዞር የከረመው ፌስታል ከነደም ምርመራ ውጤቱ፣ ከነሲቲ ስካን ፊልሙና ከነመድኃኒት ማዘዣው ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በሽታውን በስሙ መጥራት እንደ ሟርት ስለሚታይ፣ በልጅነታቸው የታከሙ ሰዎች ካደጉ በኋላ የሚያስታውሱት የፀጉራቸውን መርገፍና የማቅለሽለሹን ምሬት ብቻ ይሆናል። የወሰዱትን መድኃኒት ስም የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው፤ መጠኑን የሚያውቅ ግን ከስንት አንድ ነው።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ከብዙ ታካሚዎች ታሪክ የተውጣጣች አንዲት ወጣት እናስብ። በ14 ዓመቷ አዲስ አበባ ውስጥ ሆጅኪንስ ሊምፎማ በሚባለው፣ አንገቷ ላይ እንደ ንፍፊት ሆኖ በጀመረው ካንሰር ታማ ታከመች፤ ዳነችም። አሁን 27 ዓመቷ ነው፤ ከባለቤቷ ጋር ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች፤ የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ዘጠነኛ ሳምንቷን ይዛለች። የእርግዝና ክትትል ለመጀመር ሄዳ ነርሷ «ከዚህ በፊት ያጋጠመሽ ከባድ ሕመም አለ?» ብላ ስትጠይቃት «የለም» ብላ መለሰች። ለመዋሸት ፈልጋ አልነበረም፤ እናቷ «እሱ አልፏል፣ አታንሺው» እያለች ስላሳደገቻት በእርግጥም ያለፈና የተዘጋ ነገር መስሏት ነው።

ሆኖም ለስድስት ወራት ከወሰደቻቸው አራት መድኃኒቶች አንዱ ታካሚዎች በቀለሙ «ቀዩ መድኃኒት» የሚሉት፣ ከተሰጠ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ሽንትን የሚያቀላው ዶክሶሩቢሲን ነበር። አንገቷና ደረቷ ላይ ደግሞ 21 ግሬይ ጨረር አርፏል፤ ግሬይ ማለት ሰውነት የተቀበለው የጨረር መጠን የሚለካበት መስፈሪያ ነው። ሁለቱም ሕክምናዎች ሕይወቷን አትርፈዋል፤ ሁለቱም ልብ ላይ ጫና ጥለው የሚያልፉ ናቸው። እርግዝና በበኩሉ ልብ በየደቂቃው የሚረጨውን የደም መጠን ከ30 እስከ 50 ከመቶ ይጨምራል። እንግዲህ ያ «የለም» የሚለው አጭር መልስ ሐኪሟ ልቧን እንድትመረምር የሚያደርጋትን ብቸኛ ምክንያት ደበቀው ማለት ነው።

ከካንሰር ለዳኑ ሰዎች የሚዘጋጁት የረጅም ጊዜ ክትትል መመሪያዎች የተጻፉት እንዲህ ያለው ክፍተት እንዳይፈጠር ነው። ፍሬ ነገራቸውም በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊገለጽ ይችላል፦ አንድ ሰው ከዳነ በኋላ ምን ምን ምርመራ፣ ከስንት ዓመቱ ጀምሮ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚያስፈልገው የሚወስነው የወሰደው የመድኃኒትና የጨረር ዓይነትና መጠን ነው። ዛሬ ደህና ነኝ ማለቱ መልካም ዜና ቢሆንም ይህን ስሌት አይለውጠውም። አንድ ዓይነት ካንሰር የነበረባቸው ሁለት ሰዎች የተለያየ ሕክምና ከወሰዱ ክትትላቸው ይለያያል፤ በሽታቸው የተለያየ ሆኖ ተመሳሳይ መድኃኒት የወሰዱ ደግሞ ለዚያ መድኃኒት ተመሳሳይ ክትትል ይደረግላቸዋል።

«የዳኑ» የሚለውን ቃል የመረጥኩት አስቤበት ነው። «የተረፉ» ማለትም ይቻላል፤ ግን ከአደጋ አምልጦ የቀረ ሰው የሚል ስሜት ይሰጣል። በአሜሪካ የካንሰር ተቋማት ዘንድ ስያሜው በሽታው ከታወቀበት ቀን አንሥቶ እስከ ሕይወት ፍጻሜ ያለውን ሰው ሁሉ ያጠቃልላል። እዚህ ላይ ግን የማወራው ሕክምናቸውን ጨርሰው ወደ ኑሯቸው ስለተመለሱት ነው።

ጉዳዩ ትኩረት ያገኘው ሕክምናው ስለተሳካ ነው። ሀብታም በሆኑት አገሮች ካንሰር ከሚይዛቸው ሕፃናት ከ80 ከመቶ በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። በ1960ዎቹ አብዛኞቹ ይሞቱ ስለነበር፣ ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ ምን ይሆናሉ የሚለው ጥያቄ የሚነሣበት ጊዜ አልነበረም። መዳኑ ሲበዛ ግን ጥያቄው መጣ፤ መልሱም በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1994 በተጀመረው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ከ1970 እስከ 1986 ባለው ጊዜ በልጅነታቸው የታከሙ ሰዎች ተመዝግበው ከወንድም እህቶቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ቆይተዋል። በ2006 የወጣው ውጤት 10,397 ሰዎችን የያዘ ሲሆን፣ በሽታው በታወቀ በ30 ዓመት ውስጥ 73 ከመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ሥር የሰደደ የጤና ችግር እንደሚገጥማቸው፣ 42 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ ችግሩ ከባድ፣ አካል የሚያሰናክል ወይም ለሕይወት የሚያሰጋ እንደሚሆን አሳየ። እነዚህ ቁጥሮች የዚያን ዘመን ሕክምና የሚያንጸባርቁ መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ ዛሬ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ጥናት አይተው ጨረሩንም መድኃኒቱንም በተቻለ መጠን ቀንሰዋል፤ በኋለኞቹ ዓመታት የታከሙትም ከቀደሙት የተሻለ ዕድሜ እያገኙ ነው።

እነዚህ ዘግይተው የሚመጡ ችግሮች በአማርኛ «መዘዝ» ቢባሉ ትክክል ይመስለኛል፤ አንድ ነገር ካለፈ በኋላ ተመዝዞ የሚመጣ ጣጣ ማለት ነውና። የኬሞ መድኃኒት በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ሲገድል ጤነኞቹንም ይነካል። የፀጉር ሥርና የአንጀት ሽፋን በሳምንታት ውስጥ ራሳቸውን ይተካሉ። የልብ ጡንቻ ሴሎች ግን የሞተባቸውን የመተካት አቅማቸው እጅግ አነስተኛ ነው። የቀሩት ሴሎች የጎደሉትን ሸክም ተሸክመው ለዓመታት ይሠራሉ፤ ልጅቱ ትሮጣለች፣ ትማራለች፣ ትሠራለች፤ ልብ ግን ያለ መጠባበቂያ እየሠራ ነው። አንድ ቀን እርግዝና፣ ከባድ ኢንፌክሽን ወይም ለረጅም ጊዜ ያልታከመ የደም ግፊት ሲጨመርበት ጉድለቱ ይገለጣል። ከዚያ በፊት በልብ አልትራሳውንድ፣ በሐኪሞች አነጋገር በ«ኢኮ»፣ መዳከሙ ቀድሞ ከታየ ግን መድኃኒት የሚጀመርበትና እርግዝናው በልብ ሐኪም ክትትል የሚደረግበት ጊዜ ይኖራል።

በዘርፉ በሰፊው የሚሠራበት መመሪያ የሕፃናት ካንሰር ሐኪሞችን የሚያስተባብረው የሰሜን አሜሪካው የችልድረንስ ኦንኮሎጂ ግሩፕ ያዘጋጀው ነው። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን ስድስተኛው እትም በጥቅምት 2023 ወጥቷል። የሚያገለግለውም በልጅነት፣ በአፍላነት ወይም በወጣትነት ዕድሜ ታክመው ሕክምናቸውን ከጨረሱ ሁለት ዓመት ላለፋቸው ሰዎች ነው። በ2010 ደግሞ የአሜሪካ፣ የኔዘርላንድስ፣ የእንግሊዝና የሌሎች አገሮች መመሪያዎች እርስ በርስ የማይገጥሙባቸውን ነጥቦች ለማስታረቅ ዓለም አቀፍ ቡድን ተቋቁሞ፣ ስለ ልብ፣ ስለ ጡት፣ ስለ ታይሮይድ፣ ስለ መውለድ ችሎታና ስለ ሌሎችም የጋራ ምክሮችን ሲያወጣ ቆይቷል።

ወደ ወጣቷ እንመለስ፤ መመሪያው በሥራ ላይ ሲውል የሚታየው በእሷ ወረቀት ላይ ነው። በሁለተኛው ቀጠሮዋ ላይ ለሐኪሟ እውነቱን ነገረቻት እንበል። ሐኪሟ የሕክምና ማጠቃለያ ጠየቀች። ማጠቃለያ የሚባል ነገር ስላልነበራት ወደ እናቷ ደወለች፤ እናትም ቁም ሣጥን ላይ ያለውን ፌስታል አውርዳ፣ የአክስት ልጅ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ስልኩ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ላከ። ከመካከላቸው በጣም የሚጠቅመው የሲቲ ስካኑ ፊልም ሳይሆን ነርሶች በየዙሩ የሚፈርሙበት፣ ዳሩ የተበላ የኬሞ መስጫ ቅጽ ሆኖ ተገኘ።

ቅጹ ላይ ኤቢቪዲ የተባለው የአራት መድኃኒቶች ጥምረት ስድስት ዙር መሰጠቱ ተጽፏል። በእያንዳንዱ ዙር ዶክሶሩቢሲን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 25 ሚሊ ግራም በካሬ ሜትር ይሰጣል። «በካሬ ሜትር» የሚባለው ከታካሚው ቁመትና ክብደት የሚሰላው የሰውነት ገጽ ስፋት ነው፤ የእሷ በዚያን ጊዜ 1.3 ካሬ ሜትር ስለነበር በየጊዜው የተሰጣት 32.5 ሚሊ ግራም ነው። መመሪያው የሚደምረው ግን በካሬ ሜትር የተሰላውን ነው፦ 25 በ12 ጊዜ ሲባዛ 300 ይሆናል። ይህ ቁጥር አንድ የሕይወት ዘመን ድምር ስለሆነ፣ ሌላ ጊዜ ሌላ ካንሰር ቢይዛት ተመሳሳይ መድኃኒት ምን ያህል ሊጨመርላት እንደሚችል የሚወስነውም እሱ ነው። ዳውኖሩቢሲንን የመሰሉ የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒቶችም በማባዣ ተቀይረው ወደዚሁ ድምር ይገባሉ።

እዚህ ላይ አንድ ለእኛ ብቻ የሚደርስ ስሕተት አለ። ቅጹ ላይ የተጻፈው ዓመት 2005 ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ጸሐፊ ይህን እንዳለ ቢመዘግበው ልጅቱ በሰባት ዓመቷ እንደታከመች ይቆጠራል፤ 2005 ዓ.ም. ግን በፈረንጆቹ 2012 እና 2013 ነው። የታከሙበት ዕድሜና ከዚያ ወዲህ ያለፉት ዓመታት ብዛት የመመሪያው ስሌት ዋና ግብዓቶች ስለሆኑ፣ ከኢትዮጵያ የሚላክ ማናቸውም የሕክምና ወረቀት ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ቢጻፍበት ትልቅ ጥፋት ይከላከላል።

ድምሩ ከተገኘ በኋላ ቀሪው ሥራ ቀላል ነው። በመመሪያው መሠረት ዶክሶሩቢሲን በድምር 250 ሚሊ ግራም በካሬ ሜትርና ከዚያ በላይ የወሰደ ሰው ለልብ ድካም ከፍተኛ ተጋላጭ ከሚባሉት ውስጥ ይመደባል፤ 100 እና ከዚያ በላይ ወስዶ በተጨማሪ ደረቱ ላይ 15 ግሬይና ከዚያ በላይ ጨረር ያገኘም እንዲሁ። ወጣቷ በሁለቱም መስፈርት ትገባለች፤ ስለዚህ ምንም ባይሰማትም በየሁለት ዓመቱ ኢኮ ያስፈልጋታል። መካከለኛ ተጋላጭ የሆኑት በየአምስት ዓመቱ ይታያሉ፤ ዝቅተኛ መጠን የወሰዱት ግን መደበኛ ኢኮ አያስፈልጋቸውም። ለነፍሰ ጡሮች ደግሞ ከመፀነሳቸው በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ልባቸው እንዲታይ ይመከራል። ዘጠነኛ ሳምንት ላይ ያለችው ይህች ሴት አልረፈደባትም።

ጡትን የሚመለከተው ምክር ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ ቢሆንም መነገር አለበት። በልጅነታቸው ደረታቸው ላይ ጨረር ያገኙ ሴቶች 50 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ 30 ከመቶ ያህሉ የጡት ካንሰር እንደሚይዛቸው በ2014 የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ ይህ በዘር የሚተላለፈውና ለጡት ካንሰር የሚያጋልጠው የብራካ 1 (BRCA1) ዘረ መል ጉድለት ካለባቸው ሴቶች ጋር የሚቀራረብ ነው። ምክንያቱም በማደግ ላይ ያለ የጡት ሕብረ ሕዋስ ለጨረር እጅግ ስስ ነው። ስለዚህ ደረታቸው ላይ 10 ግሬይና ከዚያ በላይ ያረፈባቸው ሴቶች ከ25 ዓመታቸው ወይም ጨረሩን ከወሰዱ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ከሁለቱ ከሚዘገየው ጀምሮ፣ በየዓመቱ በማሞግራፊ (በጡት ራጅ) እና በኤምአርአይ እንዲታዩ ይመከራል። ወጣቷ በ14 ዓመቷ ስለታከመች ስምንት ዓመቱ በ22 ዓመቷ ሞልቷል፤ የሚዘገየው 25 ስለሆነ ምርመራዋ መጀመር የነበረበት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለማንኛዋም ሴት ማሞግራፊ የሚመከረው ከ40 ዓመት ጀምሮ በመሆኑ፣ ታሪኳን ያልሰማ ሐኪም «ገና ልጅ ነሽ» ብሎ ቢመልሳት አይፈረድበትም። ወረቀቱን ይዛ ብትሄድ ግን መልሱ ይለወጣል፤ የጤና መድኅን ድርጅቱም ኤምአርአዩን አልከፍልም ቢል የመመሪያውን ገጽ ማያያዝ ትችላለች። አሁን ነፍሰ ጡር ስለሆነች የምርመራው ዓይነትና ጊዜ ከሐኪሟ ጋር የሚወሰን ይሆናል።

የቀሩትን በአጭሩ ላንሣ። ጨረሩ አንገቷን ስለነካ ታይሮይድ የተባለው ዕጢ ሊደክም ይችላል፤ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የክብደት መጨመር ሁሉ በኑሮ ጫና ሊሳበብ ስለሚችል በየዓመቱ በቀላል የደም ምርመራ ይጣራል፤ በእርግዝና ጊዜማ ለፅንሱ አእምሮ ዕድገት ስለሚያስፈልግ ቶሎ መታየት አለበት። እብጠት መኖር አለመኖሩም በእጅ ዳሰሳ ወይም በአልትራሳውንድ ይታያል። ከአራቱ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ብሌኦማይሲን ሳንባን ሊጎዳ ስለሚችል አንድ ጊዜ የሳንባ አቅም ምርመራ ታደርጋለች፤ ወደፊት በቀዶ ሕክምና የምትወልድ ወይም ሌላ ኦፕራሲዮን የምትሠራ ከሆነም ማደንዘዣ ሰጪው ባለሙያ ይህን መድኃኒት መውሰዷን ሊያውቅ ይገባል። በአንጻሩ መስማትን ሊጎዳ የሚችለውን ሲስፕላቲን የተባለ የኬሞ መድኃኒት ስላልወሰደች የጆሮ ምርመራ፣ ሆዷ ላይ ጨረር ስላላረፈም በ30 ዓመቷ የሚጀመር የትልቁ አንጀት ምርመራ አይመለከታትም። መመሪያው የማያስፈልገውን ቆርጦ ማውጣቱ በእኔ እምነት ከሚያዝዘው ያልተናነሰ ጥቅም አለው።

ይህ ነጥብ በአዋቂነታቸው ለታከሙ ሰዎች ይበልጥ ይሠራል። በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ በቀዳሚነት የሚገኘውን የጡት ካንሰር እንውሰድ። የአሜሪካ የካንሰር ማኅበርና የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር በጋራ ያወጡት መመሪያ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት በየስድስት ወሩ እስከ አንድ ዓመት፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሐኪም ዘንድ መቅረብን ይመክራል፤ ለቀረው የጡት አካል በየዓመቱ ማሞግራፊ ይጨመራል። ከዚህ ውጭ ምልክት ለሌላት ሴት በሽታው ተመልሶ እንደሆነ ለማሰስ ተብሎ ሲቲ ስካን፣ የአጥንት ስካን ወይም የካንሰር ጠቋሚ የደም ምርመራ በመደበኛነት እንዳይታዘዝ በግልጽ ይናገራል። እኛ ዘንድ ግን ከፍርሃት የተነሣ «ሙሉ ምርመራ ልደረግ» ብሎ በየመንፈቁ ብዙ ሺህ ብር የሚያፈስ ሰው ብዙ ነው። እህቶቼን አላወግዝም፤ ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። ነገር ግን ምልክት በሌለበት የሚደረገው ይህ አሰሳ ዕድሜ እንደማያረዝም በጥናት ታይቷል፤ ትንሽ ጥላ በታየ ቁጥር ደግሞ ሌላ ምርመራ፣ ሌላ ጭንቀትና ሌላ ወጪ ያስከትላል። ገንዘቡ ለአምስት ወይም ለአሥር ዓመት በየቀኑ የሚዋጠውን የሆርሞን መድኃኒት ሳያቋርጡ ለመግዛት ቢውል በሽታው እንዳይመለስ በእርግጥ ይረዳል። የሆርሞን ተቀባይ ያለው የጡት ካንሰር ከ15 እና ከ20 ዓመት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል፣ አዲስ እብጠት፣ የማይለቅ የአጥንት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ሲኖር ቀጠሮ ሳይጠብቁ መሄድ ያስፈልጋል። ከሆርሞን መድኃኒቶቹ መካከል ታሞክሲፈን የምትወስድ ያረጠች ሴት ከማኅፀን ደም ካየች ቶሎ ልትመረመር ይገባል፤ አናስትሮዞልና ሌትሮዞል የሚወስዱት ደግሞ አጥንታቸው ስለሚሳሳ በየሁለት ዓመቱ የአጥንት ጥግግት ምርመራ ይመከርላቸዋል።

ሕፃናትን በተመለከተ ሳይነሣ ማለፍ የሌለበት የዓይን ካንሰር፣ ሬቲኖብላስቶማ፣ አለ። የሕፃኑ የዓይን ብሌን በፎቶ ላይ ነጭ ሆኖ ሲታይ የሚጠረጠረው ይህ በሽታ ሁለቱንም ዓይን ከያዘ በዘር የሚተላለፍ ዓይነት ነው። ልጁ አንድ ዓይኑ ወጥቶ ቢድንም፣ ያው የዘር ጉድለት በሰውነቱ ሁሉ ስላለ በዕድሜው ሙሉ ለአጥንትና ለጡንቻ ካንሰር ተጋላጭ ይሆናል፤ ጨረር ከወሰደ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ በ16 ዓመቱ ጉልበቱ ላይ የጀመረው የማይለቅ ሕመም «ኳስ ሲጫወት ተመትቶ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ሲያገባና ሲወልድም ልጆቹ ከተወለዱበት ጊዜ ጀምሮ ዓይናቸው መታየት አለበት። ይህን ቤተሰቡ ሊያውቅ የሚችለው በጊዜው የነገረው ሰው ካለ ብቻ ነው።

መመሪያዎቹ ስለ አካል ብቻ አይናገሩም። ድካም፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ «ተመልሶ ይመጣ ይሆን?» የሚለው ፍርሃት፣ በልጅነት ወደ ጭንቅላት የተሰጠ ጨረር ወይም በጀርባ አጥንት በኩል የተሰጠ መድኃኒት የሚያስከትለው የትምህርት መቸገር ሁሉ በየዓመቱ እንዲጠየቅ ይላሉ። በእኛ ኅብረተሰብ ከዚህ ላይ የሚጨመር ሸክም አለ፤ እሱም መደበቅ ነው። ወላጆች የልጃቸው የትዳር ዕድል እንዳይዘጋ ይሰውራሉ፤ ልጅቷም ለባሏ፣ ባሏም ለቤተሰቡ አይናገርም። ከፍቅር የሚመነጭ መሆኑን አልክድም። ሆኖም ልጆች የወሰዱትን ሕክምና ከ12 እና ከ13 ዓመታቸው ጀምሮ በሚገባቸው ቋንቋ እንዲያውቁ ካልተደረገ፣ ወላጅ ባለፈ ጊዜ ታሪኩም አብሮ ያልፋል። ለጎረቤት መንገር ግዴታ አይደለም፤ ለሐኪም መንገር ግን የሕይወት ጉዳይ ነው።

መመሪያዎቹ ወሰን እንዳላቸውም መታወቅ አለበት። የተመሠረቱባቸው ጥናቶች በአብዛኛው በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ በታከሙ ሰዎች ላይ የተደረጉ ናቸው። በኢትዮጵያ የልብን ቫልቭ (በር) የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ገና ብዙ ወጣቶችን ስለሚያጠቃ፣ የትንፋሽ ማጠር ያለባት ሴት ኢኮ ስትነሣ ሐኪሙ ቫልቩንም ጡንቻውንም አጥርቶ እንዲያይ የቀድሞ ኬሞዋ መነገር አለበት። ደም የወሰደ ሰው የጉበት ቫይረስና የኤችአይቪ ምርመራ የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑም ደሙን በወሰደበት አገርና ዘመን ይወሰናል። በየዓመቱ ኤምአርአይ ማድረግ አዲስ አበባ ላለች ሴት ከባድ፣ ደብረ ታቦር ላለች ደግሞ የማይታሰብ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚቻለውን መያዝ ይሻላል፦ ማሞግራፊ ብቻውን ከምንም ይበልጣል፤ የደም ግፊትን መለካትና ማከም በየጤና ጣቢያው ይቻላል፤ ልቡ በመድኃኒት ለተጎዳ ሰው ደግሞ የደም ግፊት ቁጥጥር ከሁሉ የበለጠ ውጤት ከሚያስገኙ ነገሮች አንዱ ነው። የሰውነትን መከላከያ በካንሰሩ ላይ የሚያስነሡት የአዳዲሶቹ የኢሚውኖቴራፒ መድኃኒቶች የ30 ዓመት መዘዝ ግን ገና 30 ዓመት ስላልሆናቸው በማንም ዘንድ አልተጻፈም።

ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር፤ አሁን ሕክምናው ወደ ክልል ሆስፒታሎችም እየሰፋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 በጀመረው ዘመቻ እስከ 2030 ድረስ ካንሰር ከያዛቸው ሕፃናት ቢያንስ 60 ከመቶ እንዲድኑ ግብ አስቀምጧል። እንግዲህ የሚድኑት ቁጥር ሲጨምር የሚከታተላቸው ሥርዓትም አብሮ ካልተዘረጋ፣ በአሜሪካ ከ30 ዓመት በፊት የታየው እዚህ ይደገማል። አሜሪካ ውስጥ የሕክምና ኢንስቲትዩት የተባለው አማካሪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት ሕክምናውን የሚጨርስ እያንዳንዱ ሰው የተጻፈ የሕክምና ማጠቃለያና የክትትል ዕቅድ ይዞ እንዲወጣ መክሯል። ከዚህ ምክር ማጠቃለያውን ለመፈጸም ማሽንም የውጭ ምንዛሪም አያስፈልግም፤ አንድ ገጽ ወረቀትና አንድ ሐኪም ለግማሽ ሰዓት ይበቃሉ። በእኔ ግምት በኢትዮጵያ ከሁሉ አስቀድሞ መጀመር ያለበት እሱ ነው።

በዚያ ገጽ ላይ የበሽታው ስምና ደረጃ፣ የታወቀበትና ሕክምናው ያለቀበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የእያንዳንዱ መድኃኒት ስምና በካሬ ሜትር የተሰላ ድምሩ፣ ጨረሩ ያረፈበት የሰውነት ክፍልና መጠኑ በግሬይ፣ የተደረገው ቀዶ ሕክምና፣ የተወሰደ ደም ካለ ዓመቱ፣ በሕክምናው ወቅት የደረሰ ከባድ ችግር እንዲሁም የሆስፒታሉ ካርድ ቁጥር ይጻፋሉ። «ኬሞና ጨረር ወስዳለች» የሚል ደረቅ መግለጫ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም። ሕክምናውን ገና ያልጨረሰ ሰው የመጨረሻው ቀጠሮ ላይ ይጠይቅ፤ ከጨረሰ የቆየ ደግሞ ፌስታሉን ያውርድና ያለውን ፎቶ ያንሣ፤ የጎደለውን ሐኪም ቤቱ ካርድ ክፍል ሄዶ ይጠይቅ፤ የድሮ ማኅደሮች ለዘላለም አይቀመጡምና። አሜሪካ ያሉ ሰዎች በትልልቅ የሕፃናት ሆስፒታሎች ውስጥ ለዳኑ ሰዎች ብቻ የተከፈቱ ክሊኒኮችን ሊያገኙ ይችላሉ፤ ፓስፖርት ፎር ኬር የሚባለው የኢንተርኔት አገልግሎትም የሕክምና ማጠቃለያው ሲገባለት ለዚያ ሰው የሚመለከቱትን የመመሪያውን ክፍሎች ነቅሶ ያወጣል። መመሪያው በየጊዜው ስለሚታደስ ግን፣ የክትትል ዕቅዱ በየትኛው እትም መሠረት እንደተዘጋጀ ከገጹ ግርጌ ቢጻፍ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያየው ሐኪም ምን እንደተለወጠ ወዲያው ይለያል።